ከእሳቱ አጠገብ ያለው ወንበር

እንጅባራ ላይ ክረምት ሲገባ የመሥሪያ ቤት ክፍሎች በሁለት ይከፈላሉ፤ የከሰል ምድጃ ያለውና የሌለው። ምድጃ ያለው ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሳያስበው ደግ ይሆናል፤ "ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ አታስገቡ" ይላል። የሌለው ደግሞ ፊርማ ላስፈርም፣ ስቴፕለር ልዋስ፣ ሰዓት ልጠይቅ እያለ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። የእኛ መዝገብ ቤት ምድጃ ነበረው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ከኃላፊው ቢሮ ቀጥሎ ሰው የሚበዛበት ክፍል የእኛ ነበር። ለፋይል ፍቅር ብሎ የመጣ ግን አንድም ሰው አላስታውስም።

ለዚህ ሥራ የበቃሁት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ። በማታው ትምህርት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አሥረኛን ጨረስኩ፤ ከዚያ በመዝገብ አያያዝ ሠርተፊኬት ያዝኩ። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ አመል ያተርፋል፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሱ ተብሎ የተጻፈ ይመስለዋል። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሌላው አመሌ እርማት ነው። ገቢ ደብዳቤ ላይ ቀን ተሳስቶ ካየሁ በእርሳስ አክብቤ ለላኪው እመልሰው ነበር። በዚህ የተነሳ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም። ጋሼ ግን ነበሩኝ።

ጋሼ የመዝገብ ቤቱ አንጋፋ ናቸው። የዳንግላ ሰው ናቸው፤ እንጅባራ አንዲት ክፍል ተከራይተው ከሰኞ እስከ ዓርብ ይቆዩና ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ፋይል ሲጠየቁ ካርድ አያዩም። ዓይናቸውን ይጨፍኑና "ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ ቀይ ክር የታሰረው" ይላሉ። ሄጄ ሳይ አለ። እኔ ካርድ የማምን ሰው ነኝ፤ ስንት ጊዜ ተደብቄ ከካርዱ ጋር አመሳከርኩት፣ አንድም ቀን አልያዝኳቸውም።

ከዚያ ካይዘን መጣ። ካይዘን በአገሩ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ጋ ሲደርስ ቢጫ ፕላስተር ነበር። የካይዘን ቡድን መሪው ፈጣንና ትሁት ወጣት ነው። በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ወለሉን በቢጫ ፕላስተር ሸነሸነው፤ የቅርጫት ቦታ፣ የወንበር ቦታ፣ የጃንጥላ ቦታ። ሁሉም ነገር ቦታ ሊኖረው ይገባል ተባለና ሁሉም ነገር ከቦታው ተነሣ። መደርደሪያዎቹ አዲስ ቁጥር ተለጠፈላቸው። ከሁሉ ትልቁ መደርደሪያ መሃል መቆሙ አግባብ አይደለም ተብሎ በአራት ሰው ተገፋና ከመስኮቱ ጋር ተለጠፈ። ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ነው።

"መስኮቱስ?" አልኩት።

"ፀሐይ ወረቀት ታጠፋለች፣ እታለም" አለኝ። የእንጅባራን የክረምት ፀሐይ ነው የሚለው።

ጋሼ ሲገፉት ቆመው አዩና ሳቁ። "ግፉት፣ ግፉት። እኔ ራስ ውስጥ ያለው ግን ካለበት አይነቃነቅም" አሉ። ይህን ንግግር ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሰምቼ አለፍኩት።

ምድጃውን የምታስገባልን ተላላኪያችን ናት። ቤተሰቦቿ በአዲስ ቅዳም በኩል ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ተክለው፣ ቆርጠው፣ አክስለው የሚኖሩ ናቸው። በእርግጥ በእኛ ዞን ከሰል አላውቅም የሚል ሰው የለም። በአስፋልቱ ዳር ሰልፈኛ መስሎ የቆመው ማዳበሪያ ሁሉ ከሰል ነው። አንስተው አጋጭተው፣ እንደ ብርጭቆ ካልጮኸላቸው የማይገዙ አሉ። ታዲያ የዚህ አዋቂ ሕዝብ ሕግ አንድ ነበር፤ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይራገባል፣ ፍሙ ጠርቶ ሲቀላ ይገባል። "ራስ እንዳይዝ" ደግሞ ጨው ቆንጠር ተደርጎ ይበተንበታል። ጭስ ከሌለ ነገር የለም። ከሰል የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ቢሆን ፈርቶ በሩን ይከፍት ነበር። እኛ ግን እናውቅ ነበርና በሩን ዘጋን። በሩ ስር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀጠቅነው።

የምድጃው ቦታም በቢጫ ፕላስተር ተከልሎ "የምድጃ ቦታ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከበሩ ርቆ ጥግ ላይ፣ ከጋሼ ወንበር አጠገብ። ይህ አክብሮት ነው። ሽማግሌ ባለበት ቤት እሳት ወደ ሽማግሌው ይጠጋል፤ ማንም አልመከረበትም፣ ማንም አልተቃወመም። እኔ ታናሽ ነኝና የደረሰኝ በሩ አጠገብ ነው። በሩ ላይ ደብዳቤ የምቀበልባት፣ መዳፍ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ብርዱ በእሷ እየገባ ጎኔን ሲወጋኝ ይውላል። ያቺን ቀዳዳ ያን ክረምት ያልረገምኩበት ቀን አልነበረም፤ ኋላ ግን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ሐምሌ ሲገባ ጋሼ መተኛት ጀመሩ። ጠዋት ደህና ናቸው። ከምሳ በኋላ ራሳቸውን ይይዛቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ከዚያ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይወድቃል። ሲነቁ በእጃቸው ያለውን ፋይል ፊት ለፊታቸው ባገኙት ክፍተት ይከቱታል። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ታይፎይድ ተባሉ። በዚያ ክረምት ታይፎይድ ያልተባለ ሰው አላጋጠመኝም። ተላላኪዋ "ምች ነው ጋሼ፣ ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችላቸው። ሊሞቅ የሚመጣው ሠራተኛም ራሱን ይዞ ይወጣ ጀመር። አንዷ እንዲያውም እዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኑ የከፋ ሰው አለ ብላ አስወራች። ስታወራ እኔን እያየች ነበር አሉ።

የሥራ ሂደት አስተባባሪያችን ግን ሐኪም አላስፈለገውም። በዓርቡ ግምገማ ተነሣ።

"ጋሼ፣ እንደ አባቴ ነው የማከብርዎት" አለ። "ነገር ግን በሥራ ሰዓት መተኛት የአመለካከት ችግር ነው። ሥረ መሠረቱ ሲታይ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው።"

ጋሼ ገና መንቃታቸው ነበር። "የምን ኪራይ?" አሉ። "ከፋዩ እኔ!"

ቤቱ ሳቀ። አስተባባሪው አልሳቀም፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ኮሚቴ እንዲቋቋምና ጋሼ ለሥራው ብቁ አለመሆናቸው ተጣርቶ በደብዳቤ እንዲገለጽላቸው ተወሰነ። ልብ በሉ፤ ብቁ መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው እንዲጣራ አልተባለም።

በቀጣዩ ሰኞ ክፍሉ ጭር ሲል ጋሼ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አንቺ ሰው አትሸነግዪም።"

"አልሸነግልም ጋሼ።"

"እያለቅኩ ነው መሰለኝ። አባቴ በመጨረሻው የገዛ ልጆቹን ስም ጠፍቶበት ነው የሞተው። እነዚህ ቢያሰናብቱኝ እችለዋለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አእምሮዬ ከሄደ ግን አንቺ ቀድመሽ ንገሪኝ። ከእነሱ ደብዳቤ ላይ አላንብበው።"

"እነግርዎታለሁ" አልኩ። ቃል መስጠት እንዲህ ቀላል ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እህቴን ልጠይቅ ዳንግላ ሄድኩ። ገበያ መሃል ጋሼን አገኘኋቸው፤ በግ ጥርስ እያዩ ከባለ በጉ ጋር ይከራከራሉ። ሲያዩኝ በጉን እንኳ ሳይለቁ፣ "ያ ጳጉሜን ሰባት ተብሎ የተጻፈበት ደብዳቤ መልስ መጣለት?" አሉኝ። ላኪው ቀን ተሳስቶ ስለነበር የመለስኩት ደብዳቤ ነው። እኔው ራሴ ረስቼው ነበር። እሳቸው ግን ቁጥሩን ጠሩልኝ፣ ማን እንደፈረመው ነገሩኝ፣ ማኅተሙ መገልበጡንም አስታወሱኝ። ሰኞ ከሰዓት እኚሁ ጋሼ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ሰክተው እስክሪብቶ ሲፈልጉ አየኋቸው።

አእምሮ የሄደ ሰው ቅዳሜና እሁድ አይመለስለትም። ደብተር ከፈትኩ። ምድጃ የገባበት ሰዓት፣ በሩ የተዘጋበት ሰዓት፣ ጋሼ ራሳቸውን የያዙበት ሰዓት፣ ያለ ቦታው የገባ ፋይል። አሥር ቀን ሞላሁት። ከአሥሩ አንዱን ቀን ተላላኪዋ ለቅሶ ሄዳ ምድጃ አልገባም ነበር። ያን ቀን ጋሼ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ዋሉ፤ አንድም ፋይል አልተሳሳቱም።

ቀሪው መልስ እግሬ ስር ነበር። ከበላይ አካል "ለሚመለከተው ሁሉ ይሰራጭ" ከሚል ደብዳቤ ጋር የመጣ ካርቶን፣ የሚመለከተው ሰው ሳይገኝ ሁለት ዓመት የእግሬ ማሳረፊያ ሆኖ ቆይቷል። የሲሚንቶ ከረጢት ሳይቀር የማነብ ሴት እሱን አላነበብኩም፤ ታሽጎ የመጣ ነገር አልከፍትም፣ ሥርዓት ነው። ያን ቀን ግን ገመዱን ቆረጥኩት። በሥራ ቦታ በጋዝና በእንፋሎት ስለሚደርስ አደጋ የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ ነው። ስለ ጉድጓድና ታንከር፣ ስለ ቀለም ፋብሪካና ጋራዥ ያወራል። ምሳ ሰዓት ላይ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መሃሉ ላይ አየር በማያገኝ ቤት የሚነድ ከሰል ስለሚተፋው ጋዝ ግማሽ ገጽ ነበር። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጭስም አይደለም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይወስዳል። የሚያመጣውንም ዘርዝሯል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ፣ ግራ መጋባት፣ ሞት። የጋሼን የሐምሌ ወር ታሪክ የማነብ መሰለኝ፤ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነበረች።

መጽሐፉን ይዤ አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። ገለጠና ሥዕሉ ላይ ቆመ።

"ይሄ ለፋብሪካ ነው" አለኝ። "አየሽ? ሰውዬው ሄልሜት አድርጓል። እኛ ሄልሜት አለን?"

"የለንም።"

"አየሽ! ለመሆኑ ይሸታል?"

"አይሸትም።"

"ይታያል?"

"አይታይም።"

"ታዲያ የማይታይና የማይሸት ነገር እንዴት አድርጌ ሪፖርት ላይ ላስገባ?" ከልቡ ነበር የሚጠይቀኝ። "ደግሞ ከሰል ከአያት ከቅድመ አያታችን ጀምሮ የሞቅነው ነው።"

የአያት የቅድመ አያታችን ቤት በሳር ክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ ሲተነፍስ ይውል እንደነበር፣ መስኮቱም ላይ መደርደሪያ እንዳልነበረበት ልነግረው ፈልጌ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

ተመልሼ በሩን ከፈትኩ። "ኧረ ዝጊው! ብርድ ልታስመቺን ነው?" ተባልኩ፤ የሚሞቅ ሰው እየተነሣ ዘጋው። ጋሼን ወንበር እንቀያየር አልኳቸው፤ ነገሩንም አስረዳኋቸው። "ለእኔ ብለሽ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉ። "እርጅና ነው። ከዚህ ወንበር ከተነሣሁ ደግሞ ገና ሳያባርሩኝ ተነሣ ይሉኛል።" አልተነሡም።

የቀረችኝ ተላላኪዋ ነበረች። ነገሩን ስነግራት ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

"የከሰል ክምር ስንከፍት ነፋሱ ከኋላችን እንዲሆን አድርገን ነው የምንቆመው" አለች። "አጎቴ አንዴ በወዲያ በኩል ቆሞ እዚያው ተዘረረ። ግን እታለም፣ ያ ጭስ ነው፤ ይሄ ፍም ነው።"

"ፍሙስ ከየት መጣ? ከዚያው ክምር አይደል?"

ለራሷ በአዊኛ የሆነ ነገር አለች፤ የገባኝ ግማሹ ነው፤ ግማሹም ይበቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃውን ግማሽ ብቻ እየሞላች ታስገባልን ጀመር። ጋሼም ትንሽ ቀለል አላቸው። በዚህ መሃል የኮሚቴው ቀን ደረሰ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ አስተባባሪው ሰብሳቢ፣ የካይዘን ቡድን መሪውና ከሰው ሀብት የመጡ ፊታቸው የማይፈታ ሰውዬ። የተሳሳቱት ፋይሎች ማስረጃ ስለሆኑ ከክፍሉ አይወጡም ተባለና ስብሰባው እኛው መዝገብ ቤት ሆነ። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ። ተከሳሹ ጋሼ ጉዳዩ እስኪታይ ውጭ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁ ተባሉ። ካፊያና ነፋስ ነበር። ለኮሚቴው ክብር ሲባል ደግሞ ተላላኪዋ ሁለት ምድጃ፣ ሁለቱንም ሙሉ አድርጋ እንድታስገባ ተነገራት። እያየችኝ አስገባቻቸው። በሩ ለምስጢር ተዘጋ። የደብዳቤዋ ቀዳዳ ሳትቀር በካርቶን ተከደነች።

"ቀዳዳዋ እንኳ ብትከፈት" አልኩ።

"ምስጢር ነው" አለ ሰብሳቢው፤ አለና ለሰብሳቢ የሚገባውን ቦታ ያዘ፤ ከእሳቱ አጠገብ፣ የጋሼን ወንበር። የሰው ሀብቱ ሰውዬ ከእሱ ቀጥለው ተቀመጡ፤ የካይዘኑ ወጣት ከእሳቸው ቀጥሎ። እኔ በሩ ስር። ጋዙ ማዕረጋችንን ተነግሮት የገባ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደንበኛ ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው አጀንዳ አስመዘገበ፣ ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ረዘም ያለ መግቢያ ተናገረ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን የሰው ሀብቱ ሰውዬ ግንባራቸውን ይዘው "ሽሮው ነው መሰለኝ" አሉ። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ማስረጃ ፋይል ጠየቀ፤ ሰጠሁት። አየውና መለሰልኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ፋይል ጠየቀ፤ ሰጠሁት። "አጀንዳ አንድ" አለ፤ ሦስት ላይ ነበርን። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ። የካይዘኑ ወጣት ቢጫውን ፕላስተር ትኩር ብሎ እያየ ያዛጋል። ሰብሳቢው ያንን ፋይል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ ተነሣ፣ ሁለት እርምጃ ተራመደና "የቅርጫት ቦታ" የሚለው ላይ ቆሞ ፋይሉን በጥንቃቄ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ መነሣት ነበረብኝ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ መጽሐፉ ላይ ራሴ በእርሳስ አስምሬበታለሁ፤ ሰውን ወዲያው ወደ ውጭ። እኔ ግን ጻፍኩ። ሰብሳቢው ፋይሉን ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥዬም ጻፍኩ። የእኔም ራስ ይመታል፤ ግን ራስ ምታቱ ነው ያስቀመጠኝ ብል እዋሻለሁ። እያንዳንዷ መስመር ጋሼን የምታድን መስላኝ ነበር። ከዚያ የሰብሳቢው አገጭ ቀስ ብሎ ወረደና ደረቱ ላይ ዐረፈ፤ ልክ እንደ ጋሼ፣ በዚያው ወንበር። ከንፈሩ ቀለሙ ልክ አልነበረም። ያኔ የዝርዝሩ የመጨረሻ ቃል ትዝ አለችኝ፤ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ከፈትኩት። "ጋሼ!" አልኩ። እሳቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ በነፋስ ተገርፈው፣ ጤናቸው እንደ ቅዳሜ ገበያ በግ ሆኖ ቆመዋል። ገቡና አስተባባሪውን ከብብቱ ይዘው ጎተቱት። ተላላኪዋ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ምድጃዎቹን እያከታተለች ዝናብ ላይ ደፋቻቸው። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። አስተባባሪው ከጣሪያው ጠፈጠፍ ስር ተንበርክኮ አስመለሰ። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ያገኘው ጋሼን ነው።

"ጋሼ... አጀንዳው..." አለ።

"አጀንዳው ይቆይ ልጄ። አሁን ተንፍስ" አሉት ጀርባውን እያሹ።

ከዚያ ቀና ብለው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አዩ። "እዚያ ነው የተቀመጠው?" አሉኝ።

"እዚያ ነው።"

 እንደገና ወደ ወንበሩ አዩ።

በማግሥቱ ኮሚቴው አንድ ድምዳሜ ላይ ደርሶ መጣ፤ ሽሮው ነው። ጾም ስለነበር ሦስቱም የበሉት ሽሮ ነው። እዚያው ሽሮ ቤት የበሉት ሌሎች ሠራተኞች ለምን ደህና ዋሉ ብዬ ጠየቅኩ፤ የሽሮው ጉዳይ ለጊዜው ተይዞ ይቆይ ተባለ። እኔ ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ገልብጬ ለፊርማ አቀረብኩ። አስተባባሪው ሲያነብ ጆሮው ቀላ።

"ይሄ ምንድን ነው? 'ሰብሳቢው ፋይሉን ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ'?"

"አስቀምጠዋል።"

"'ሰብሳቢውን እንቅልፍ ወሰዳቸው'?"

"ወስዶዎታል።"

"ይሄ ይጻፋል እንዴ?"

"ቃለ ጉባኤ ነው። የሆነው ነው የሚጻፈው። ጋሼ የተከሰሱባቸው ነገሮችም እነዚሁ ናቸው፤ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሁሉንም አሟልተዋል።" እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። መጽሐፉን ግማሽ ገጹ ላይ ገልጬ አስቀመጥኩለት። "አመለካከትዎ ላይ ግን ችግር የለም።"

ቢፈርም እሱ ራሱ ብቁ ያልሆነ ሠራተኛ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ካልፈረመ ስብሰባ የሚባል ነገር የለም። ስብሰባ ከሌለ ውሳኔ የለም፤ ውሳኔ ከሌለ ደብዳቤ የለም።  በመጨረሻ በወረቀቱ ራስ ላይ ስብሰባው እንዳልተካሄደ ይቆጠር ብሎ ጻፈና መለሰልኝ። ያልተካሄደውን ስብሰባ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አደረግኩት። መነሣት ከነበረብኝ በኋላ የጻፍኳቸውን መስመሮች ቆጥሬያለሁ፤ ሰባት ናቸው። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። በሰባት መስመር ውስጥ ሦስት ሰው ሊሞት ይችል እንደነበር ከእኔ በቀር ያነበበ የለምና ማንም አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ የውስጥ ማስታወሻ ወጣ። ከሰል ምድጃ ለጤና ተስማሚ ሆኖ ስላልተገኘ፣ ከዚህ በኋላ የሚፈቀደው ለኃላፊዎችና ለአስተባባሪዎች ቢሮ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀን አልተሳሳተም፣ ፊደል አልተሳሳተም፤ የማርመው ነገር አጣሁ። ቢያንስ በርና መስኮት ከፍተው እንዲሞቁ የሚያሳስብ ማስታወሻ ጻፍኩላቸው፤ ተመልሶ ፋይል እንዲሆን ወደ እኔው ተመራ። ይሁንና ከዚያ ወዲህ የአስተባባሪው መስኮት በዝናብም በነፋስም ክፍት ነበር። ሠራተኛ ሲጠይቀው "ለግልጽነት ነው" ይላል።

የእኛ ክፍል ቀዘቀዘ። ስቴፕለር የሚዋስ ሰው ጠፋ። ጋሼ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ወንበራቸውን ወደ በሩ ሳቡ። ራሳቸውን አልያዛቸውም፤ አልተኙም። ግን ደግሞ ፋይል ሲጠየቁ ዓይናቸውን መጨፈን ትተው ካርድ ያገላብጡ ጀመር። ካርድ ሲያገላብጡ ሳይ፣ ከመተኛታቸው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ካርዱን ገፋ አደረጉት።

"ቃልሽ አለ ልጄ። በይ ፈትኚኝ። ማንም ያልጠየቀውን፣ የቆየ ፋይል አንሺ።"

እኔ እዚያ ሳልቀጠር የተዘጋ፣ አንድ የድንበር ክርክር ፋይል ጠራሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወትሮው ቆዩ።

"ሦስተኛው መደርደሪያ" አሉ። "ላይኛው ረድፍ፣ ከቀኝ አራተኛው። ሽፋኑ አይጥ በልቶታል።"

ሦስት ቁጥር የተለጠፈበት መደርደሪያ ጋ ሄድኩ። ላይኛው ረድፍ፣ ከቀኝ አራተኛው። አልነበረም። አምስተኛውን አየሁ፣ ሦስተኛውን አየሁ፣ ረድፉን ሁሉ አየሁ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስለቆምኩ ፊቴን አላዩም።

"ዝም አልሽ" አሉኝ።

ቃሌን አሰብኩ። ቀድመሽ ንገሪኝ ብለውኛል። አፌን ልከፍት ስል ዓይኔ በወለሉ ላይ ባለው ቢጫ ፕላስተር ላይ ወደቀ፤ አራት ሰው ትልቁን መደርደሪያ የገፋበት ጭረት ከስሩ ሄዶ፣ ሄዶ፣ መስኮቱ ጋ ይደርሳል። ራስ ውስጥ ያለው ካለበት አይነቃነቅም። በሩጫ ይሁን በእርምጃ እንደሄድኩ አላውቅም። ዛሬ ሰባት ቁጥር የተለጠፈበት፣ መስኮቱን የዘጋው መደርደሪያ፤ ላይኛው ረድፍ፣ ከቀኝ አራተኛው። ሽፋኑን አይጥ በልቶታል።

"አለ ጋሼ" አልኳቸው።

"ቦታው ላይ?"

"እሱ ቦታው ላይ ነው። ቦታውን የለቀቀው መደርደሪያው ነው።"

ጋቢያቸውን ከላያቸው ላይ ጣሉና ተነሡ። መጡ፣ ፋይሉን ከእጄ ተቀብለው የተበላውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደነበረበት መለሱት። ከዚያ ትከሻቸውን ከመደርደሪያው ጎን አስደግፈው ጠበቁኝ። እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ። ተላላኪዋ ድምፁን ሰምታ ገባችና በወዲያ በኩል ያዘች። ቢጫውን ፕላስተር እየገሸለጠ ወደ መሃል፣ ወደ ሦስተኛው ቦታ ሲመለስ፣ ከኋላው የመስኮቱ መዝጊያ ብቅ አለ። መቀርቀሪያው ዝጎ ነበር፤ ጋሼ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ተከፈተ። የነሐሴ ብርድ ገባብን።